የተመረዘ አፈር በፍግ ይድናልን?

ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ክፉ ውሃ በፈወሰ ጊዜ ጨዉን የጨመረው በየሰዉ እንስራ ውስጥ አልነበረም፤ ውሃው ወደሚመነጭበት ስፍራ ወጥቶ ከምንጩ ላይ ጨመረው። በወንጌለ ሉቃስ በተጻፈው ምሳሌ ደግሞ ባለቤቱ ፍሬ ያጣባትን በለስ ሊያስቆርጥ በወደደ ጊዜ የአትክልቱ ሠራተኛ የአንድ ዓመት ጊዜ ለመነላት፤ በዚያችም ዓመት ሥሯን ሊኮተኩት፣ ፍግም ሊያደርግላት ቃል ገባ። የሁለቱም ታሪኮች ምስጢራዊ ትርጓሜ ሰፊ መሆኑን የጉባኤ ቤት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ምስጢሩ የሚቆመው በንባቡ ላይ ነውና ንባቡ ስለ ውሃና ስለ አፈር የሚሰጠውን ትምህርት መዘንጋት አይገባም። ይኸውም የታመመ ምድር የሚድነው በሁለት ሥራ መሆኑን ነው፤ አንደኛው ምንጩን ማጥራት፣ ሁለተኛው ሥሩን መኮትኮትና ፍግ ማልበስ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የሠራው ግማሽ ሥራ ነው።

ይህ ትምህርት በአሁኑ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በከባድ ብረታ ብረት ለተበከለ የእርሻ መሬት ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ እጅግ የታወቀው ምሳሌ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር ያለው የአትክልት መሬት ነው። ከእንጦጦና በዙሪያው ካሉት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ተሰብስበው ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚባሉትን ሁለት ወንዞች ይሠራሉ፤ ሁለቱም ከከተማይቱ በስተ ደቡብ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከተገናኙ በኋላ ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ብዙ ቤተ ሰቦች ለብዙ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ድንች እያመረቱ ለከተማው ገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ውሃው በበጋም አይነጥፍም፤ ከከተማይቱ የሚወርደው እድፍ ራሱ ማዳበሪያ የሆነ ይመስል አትክልቱን ያፋፋዋል። ችግሩም የተሸሸገው በዚሁ ልምላሜ ውስጥ ነው፤ በከባድ ብረት የተመረዘ ቅጠል ብዙውን ጊዜ በመልክም በጣዕምም ከጤነኛው አይለይምና።

ውሃው ከየት እንደሚታመም ግልጽ ነው። በወንዞቹ ዳር የቆዳ ፋብሪካዎች፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ ጋራዦችና የነዳጅ ማደያዎች ሲቋቋሙ ኖረዋል፤ ያልተጣራ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የቆሻሻ ክምር እጣቢም ይጨመርበታል። የቆዳውን ነገር የገዳም ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ብራና ፋቂው ቆዳውን በውሃ ዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያ ወጥሮ፣ ጠጉሩንና ስቡን ፍቆ ያዘጋጀዋል፤ ከሥራው የሚተርፈው ጠጉርና ስብ በመሬት ላይ ቢጣል በስብሶ አፈር ይሆናል። የቆዳ ፋብሪካ ግን ቆዳው እንዳይበሰብስ አብዛኛውን ጊዜ የክሮሚየም ጨው ይጠቀማል። ክሮሚየሙ ሁሉ ወደ ቆዳው አይገባም፤ የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ክሮሚየምም፣ ከባትሪና ከአሮጌ ቀለም የሚወጣው እርሳስም፣ ከባትሪና ከብረት ቅብ የሚመጣው ካድሚየምም በስብሰው የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም። ፍሳሹ ይደርቃል፣ ሽታው ይጠፋል፤ ብረቱ ግን በአፈሩ ውስጥ ለልጅ ልጅ ይቆያል።

ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባን አትክልት የመረመሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በወጡት ብዙ ጥናቶች በአፈሩና በቅጠሉ ውስጥ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ እርሳስና ሌሎችም ብረቶች መገኘታቸውን፣ ጥቂቶቹም ለምግብ ከተፈቀደው ልክ ማለፋቸውን ገልጸዋል። በዐማራ ክልልም ተመሳሳይ ሥጋት አለ፤ በኮምቦልቻ ከፋብሪካዎች ወደ ጅረቶች የሚለቀቀው ፍሳሽ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ በመሆኑ ተመራማሪዎች የጅረቶቹን ውሃና ደለል መርምረው ክሮሚየምን የመሰሉ ብረቶች አግኝተውበታል።

ይህ ጉዳይ ከጸሎት ቤትና ከጾም ሥርዓት የራቀ የሚመስለው ሰው ቢኖር ማዕዱን ይመልከት። የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት ሁሉ የሚጠብቅ ካህን ወይም መነኵሴ በዓመት እስከ 250 ቀን ያህል ይጾማል፤ ምእመናንም እስከ 180 ቀን ያህል። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ከማዕድ ሲነሡ በስፍራቸው የሚገባው ሽሮና ምስር፣ ከዚያም ጎመንና ቆስጣ ነው። ስለዚህ በተበከለ መሬት የበቀለ ቅጠል ከሁሉ አብልጦ የሚገኘው በጾመኛው ገበታ ላይ ነው። ሰውነቱ ብረት የጎደለበት ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡርና ሕፃን፣ ካድሚየምንና እርሳስን ከሌላው አብልጦ ወደ ደሙ እንደሚያስገባም የታወቀ ነው። ነፍስን ለማዳን የሚጾም ሰው ሳያውቅ በሥጋው መርዝ ቢሰበስብ ጥፋቱ የጾሙ አይደለም፤ ምግቡ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅለት ሰው ማጣቱ ነው።

የብረቶቹ ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄርያ በዛምፋራ ክፍለ አገር ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በየቤቱ ግቢ ሲፈጩ በተበተነው እርሳስ ከ400 የማያንሱ ሕፃናት ሞተዋል። ካድሚየም ደግሞ በኩላሊት ውስጥ ተከማችቶ ለዐሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ ኩላሊትን ካደከመ በኋላም አጥንትን ያሳሳል። በጃፓን በጂንዙ ወንዝ ዳር በማዕድን ማውጫ ፍሳሽ በተበከለ ማሳ የበቀለውን ሩዝ የበሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ጐልማሶችና አሮጊቶች ሴቶች፣ አጥንታቸው እየተሰበረ በሥቃይ ይጮኹ ነበር፤ በሽታውም ከጩኸታቸው የተነሣ «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ ትርጓሜው «ያማል ያማል» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት የበሽታው ምክንያት ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከ800 ሄክታር በላይ የሚሆነውን ማሳ አፈሩን እየቀየሩ ለማደስ ደግሞ እስከ 2012 ድረስ 33 ዓመት ፈጅቷል። ጃፓንን የመሰለ ባለጠጋ አገር ይህን ያህል ከደከመ በአቃቂ ዳር አፈሩን ሁሉ ቆፍሮ ማንሣትና አዲስ አፈር ማልበስ የማይቻል መሆኑ አያጠያይቅም። ስለዚህ የሚቀረው መንገድ አፈሩን በስፍራው እንዳለ ማከም ነው። የፍግና የብስባሽ ጉዳይ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው።

ፍግና ብስባሽ በተመረዘ አፈር ውስጥ የሚሠሩት ሥራ እንዲህ ነው። ተክል በሥሩ የሚጠጣው በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ብረት ነው፤ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ጸንቶ የተጣበቀውን ለመውሰድ ግን ይቸገራል። በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት እንደ እጅ ሆነው ብረትን የሚይዙ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ በተለይ እርሳስንና መዳብን አጥብቆ ይይዛል። አደገኛው የክሮሚየም ዐይነት በብስባሽ መካከል ሲገኝ ጉዳቱና መሟሟቱ ወደሚያንሰው ዐይነት ይለወጣል። የአጥንት ዱቄት በውስጡ ካለው ፎስፎር የተነሣ እርሳስን በውሃ ወደማይሟሟ ጠጣር ነገር ይለውጠዋል። ኖራና የእንጨት አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንሱ ካድሚየምና ዚንክ እንዳይሟሙ ያግዳሉ። ዐየር ተከልክሎ የተቃጠለ ከሰልም ተፈጭቶ ሲጨመር እንዲሁ ብረት ይይዛል፤ ከብስባሹም ይልቅ በአፈር ውስጥ ረዥም ዘመን ይቆያል። በዚህ ሁሉ ላይ ፍግ የተክሉን ኃይል፣ የአፈሩን ልስላሴና የመሬት ትሎችን ኑሮ ያሻሽላል። አብዛኛው የአቃቂ ዳር መሬት መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ መረሬ በተፈጥሮው ብረትን የመያዝ ችሎታ ስላለው ብስባሹ የሚጨመረው ባዶ በሆነ ነገር ላይ አይደለም፤ ያለውን ኃይል ያጠነክራል እንጂ።

ነገር ግን የሚይዝና የሚያጠፋ አንድ አይደሉም፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወርዱ 10 ሜትር ቁመቱም 10 ሜትር የሆነ መደብ እንደ ምሳሌ ቢወሰድ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 25 ቶን ያህል ይመዝናል። በእያንዳንዱ ኪሎ አፈር 100 ሚሊ ግራም እርሳስ ቢኖር በመደቡ ውስጥ በጠቅላላው 2.5 ኪሎ ግራም እርሳስ አለ ማለት ነው። የአፈሩን ብስባሽ በመቶ 1 ለማሳደግ 250 ኪሎ ግራም ንጹሕ ብስባሽ ያስፈልጋል፤ ኮምፖስት ግማሹ ውሃ፣ ከደረቁም ግማሹ አፈርና አመድ ስለሆነ ይህ ወደ 10 ኩንታል ኮምፖስት ይመጣል። ዐሥሩ ኩንታል ከተጨመረ በኋላም 2.5 ኪሎ ግራሙ እርሳስ በዚያው አለ፤ አንዲት ግራም እንኳ አልወጣችም። የተለወጠው ከዚያ ውስጥ ተክሉ ሊጠጣው የሚችለው ክፍል ብቻ ነው።

እንግዲህ ተክሉ ራሱ ብረቱን ጠጥቶ አፈሩን ያጥራው የሚል ሐሳብ ቢነሣ ሒሳቡ ይመልስለታል። ከዚያ መደብ 300 ኪሎ ሰላጣ ቢታጨድ፣ በእያንዳንዱም ኪሎ ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ በቅጠላ ቅጠል ላይ ለእርሳስ የፈቀደው 0.3 ሚሊ ግራም ቢኖር የሚወጣው 90 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሁለቱን ኪሎ ተኩል በዚህ መንገድ ለመጨረስ ከ27,000 በላይ አጨዳ ያስፈልጋል። በጠቅላላው ሲታይ ኢምንት የሆነው ይህ መጠን ወደ ሰው ሆድ ሲገባ ግን ኢምንት አይደለም። ስለዚህ አፈሩን በሰላጣ ማጥራት የማይሆን ነገር ነው፤ ሰላጣውን ከአፈሩ መጠበቅ ግን ይቻላል።

ይህ ሕክምና በሌላው ዓለም ተሞክሯል። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ፓልመርተን በምትባል ከተማ ከ1898 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ዚንክ ሲቀለጥ ከፋብሪካው የወጣው ጢስ ብሉ ማውንቴን የሚባለውን ተራራ ዛፍም ሣርም የማይበቅልበት ራቁት ምድር አድርጎት ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ከኖራ ድንጋይና ከድንጋይ ከሰል አመድ ጋር ተደባልቆ በተራራው ላይ በተበተነ ጊዜ ሣር መልሶ በቀለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ልኩን ማወቅ ያሻል። ተራራው የለበሰው ሣርና ዛፍ ነው፤ ሰው የሚበላውን ቅጠል አይደለም። መሬትን ማልበስና መሬትን ማጽደቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ሕክምናው እንደ አፈሩ ጠባይ የሚለያይ መሆኑም አይዘነጋ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠርተው በሚያድሩባቸው በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች፣ ለምሳሌም እ.ኤ.አ. በ1997 በተቋቋመው ፋብሪካና መኖሪያ ቤት አብረው በሚገኙበት በዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ፣ መሬቱ የበረሃ አሸዋ ነው። በዚያ ስፍራ አፈሩ ኖራ የተፈጥሮው ስለሆነ ኖራ መጨመር ጥቅም የለውም፤ የሚጎድለው ብስባሽ ነው፤ ያለ ብስባሽ አሸዋው ውሃም ብረትም አይዝምና። በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ብዙው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ያለ ኖራ ብስባሹ ብቻውን ካድሚየምን ለመያዝ አይበቃም። ከባሕር ማዶ የአትክልተኝነት ሙያ ተምሮ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ የአሸዋውን መድኃኒት እንዳለ በመረሬ ላይ ሊያደርግ አይገባውም። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ አፈርንም ሳያስመረምሩ ማከም ድፍረት ነው።

የብስባሽ ጉዳት የሚባል ነገርም አለ፤ እርሱን መሸሸግ ሐሰት ይሆናል። አንደኛ፣ በአፈሩ ውስጥ አርሴኒክ ካለ የአጥንት ዱቄትና ሌላ ፎስፎር ያለበት ነገር ሊፈታው ይችላል። ሁለተኛ፣ ገና ያልበሰለ ትኩስ ፍግ የሚሟሟ ብስባሽ ስላለው መዳብን የመሰሉትን ብረቶች ይዞ ወደ ታች ሊያወርዳቸው ይችላል፤ ስለዚህ ፍጉ በጉድጓድ ውስጥ በሚገባ መብሰል አለበት። ሦስተኛ፣ ብስባሽ በአፈር ውስጥ እያለቀ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ሕክምናው በየጊዜው ካልታደሰ የታሰረው ብረት መልሶ ሊፈታ ይችላል። አራተኛ፣ ኮምፖስቱ ራሱ የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ሆኖም ከባትሪ፣ ከቀለም ቆርቆሮና ከልዩ ልዩ ብረት ጋር ተደባልቆ ከተጣለ በኋላ ለማዳበሪያ ቢታሰብ መርዝን በመርዝ ማከም ይሆናል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ የነበረው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸው ሁሉም የሚያስታውሰው መራራ ነገር ነው። የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን በየቤቱ ደጃፍ መለየት እንዲያ ያለውን ክምር ያሳንሳል፤ ለአፈርም ንጹሕ መድኃኒት ያስገኛል።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ፍርድ ያደርሳል። ፍግ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሁለተኛው ሥራ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የኤልሳዕ ሥራ ነው፤ ወደ ምንጩ መውጣት። ወንዙ ዛሬም ክሮሚየም ይዞ እየወረደ ገበሬው በየዓመቱ ፍግ ቢያፈስ፣ የፋብሪካው ባለቤት በአንድ ቀን የለቀቀውን ደኻው በዓመት ጕልበቱ ሊያስር ይደክማል ማለት ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም። ሕግ አልጠፋም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300/1995ም በካዩ ያበላሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ዋጋ እንዲከፍል የሚያስገድድበት መንገድ አለው። ስለዚህ በአቃቂ ዳር ለሚፈሰው ኮምፖስት፣ ለአፈሩም ምርመራ ዋጋውን መክፈል የሚገባው ገበሬው ሳይሆን ውሃውን ያቆሸሸው ነው። ጥቂት የማዳበሪያ ከረጢት ለገበሬዎች አድሎ የፍሳሽ ማጣሪያውን ሥራ የሚያዘገይ ድርጅት ቢኖር ስጦታው ምጽዋት አይባልም፤ ዕዳን በከፊል ከፍሎ ሙሉ ምስጋና መፈለግ ነው።

በሌላ በኩል ገበሬውን ከነአትክልቱ ከወንዙ ዳር ማባረር ይበቃል የሚሉ አሉ። እነርሱም የሚያዩት ግማሹን ነው። የተባረረው ሰው እዚያው ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ያርሳል፤ ቅጠሉም በዚያው መንገድ ወደ ገበያው ይመለሳል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ዳርቻ ለማልበስ የታሰበ ነው። እጅግ የተበከለውን ክፍል ለሣር፣ ለአበባና ለዛፍ መስጠት ጥሩ ፍርድ ነው፤ በሣር ሥር የታሰረ ብረት በአቧራ ተነሥቶ ወደ ሳንባ አይገባምና። ነገር ግን ዳርቻው ስላማረ ውሃው ጠርቷል፣ አፈሩም ድኗል ብሎ መደምደም አይቻልም። በመጠኑ የተበከለውን መሬት ደግሞ ገበሬው ሳይነቀል ማከም ይቻላል፤ በተለይም እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉትን ብዙ ብረት የሚሰበስቡ ቅጠሎች ትቶ እንደ ቲማቲም ያለውን ብረትን ወደ ፍሬው እምብዛም የማያሳልፍ ተክል ቢተክል፣ ውሃውንም ከጕድጓድ ወይም ከተጣራ ምንጭ ቢያገኝ።

ይህ ሁሉ የመንግሥትና የፋብሪካ ጉዳይ ከሆነ የገዳም ተማሪ ምን ድርሻ አለው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ድርሻ አለው። ገዳማት ፍግን፣ አመድንና ቅጠልን ሳያባክኑ ለአትክልት ሲያውሉ የኖሩ ናቸው፤ ይህም ዕውቀት በመጽሐፍ ከተጻፈው ሁሉ ያነሰ አይደለም። ከከተማ ፍሳሽ በታች፣ ከአውራ ጎዳና ዳር ወይም ከጋራዥ አጠገብ የአትክልት ቦታ ያለው ገዳምና ደብር በመጀመሪያ አፈሩን በግብርና ምርምር ወይም በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሊያስመረምር ይገባል። ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ንግሥ በዓል ከሚወጣው የሚበልጥ አይሆንም። ብረት ከተገኘበትም በአንድ መደብ ላይ ኮምፖስትና እንደ አፈሩ ጠባይ ኖራ ጨምሮ፣ አጠገቡ ያለውን መደብ እንዳለ ትቶ፣ የሁለቱን ቅጠል ማወዳደር ይቻላል። እንዲህ ያለው ሥራ ተማሪውን ከትምህርቱ አያዘናጋውም፤ ማስተዋልንና መመዝገብን ያስተምረዋል። ነገ በየገጠሩ ደብር አገልጋይ ሆኖ ሲመደብም ለምእመናኑ የሚናገረው ያየውን ነገር ይሆናል።

የወይኑ አትክልት ሠራተኛ ጊዜ ሲለምን ገደብ ማድረጉም ሊታሰብ ይገባል። በለሲቱ በዚያ ዓመት ካላፈራች እንድትቆረጥ ተስማምቷል። በተመረዘ መሬት ላይ የሚደረግ ሕክምናም እንዲህ ያለ ገደብ ያስፈልገዋል። ፍግ ከተጨመረ በኋላ በሦስተኛው ዓመት በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካድሚየም ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ከወሰነው ከ0.2 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ እርሳሱም ከ0.3 ካልወረደ፣ ያ መሬት ለምግብ መዋሉ ይብቃ፤ ለአበባ፣ ለማገዶ ዛፍ ወይም ለመጥረጊያ ሣር ይሁን። ገደብ የሌለው ተስፋ ገበሬውንም በላተኛውንም ያታልላል።

ወደ ቅዱሳት መካናት የሚሄዱ ምእመናንም ቀላል የማይባል ድርሻ አላቸው። በየዓመቱ በንግሥ በዓል በጸበል ቦታዎችና በገዳማት ዙሪያ የሚጣለው የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ የተበላሸ ባለ ቻርጅ መብራትና የስልክ ባትሪ ጥቂት አይደለም። ባለ ቻርጅ ከሆኑት መብራቶች ብዙዎቹ በውስጣቸው እርሳስ አላቸው፤ ካድሚየም ያላቸውም አሉ። እነዚህ በገዳሙ የፍግ ጕድጓድ ወይም በጸበሉ መውረጃ ውስጥ ቢጣሉ የአቃቂ ታሪክ በትንሹ ይደገማል። ስለዚህ ተሳላሚ ይዞት የመጣውን ባትሪ ይዞት ይመለስ። ገዳማቱም ቀለም የተቀባ አሮጌ ሣንቃ ያነደዱበትን አመድ ወደ አትክልት አያስገቡ፤ በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የተደነገገው በ2010 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀባው እንጨት የሚያጠራጥር ነው። ጎመንና ቆስጣ ሲገዙም ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቅጠሉን በብዙ ውሃ ማጠብ የተለጠፈውን አፈርና አቧራ ያስወግዳል፤ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣውም። ስለዚህ ጥያቄው ከእጥበቱ መቅደም አለበት።

የተመረዘ አፈር በፍግ ይድናልን ለሚለው ጥያቄ እንግዲህ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ምንጩ ከተዘጋ፣ አፈሩ ከተመረመረ፣ ፍጉ ንጹሕና የበሰለ ከሆነ፣ ተክሉ ተመርጦ ከተተከለ፣ ሥራውም በየጊዜው ከታደሰ መሬቱ ሰውን ሳይጐዳ ሊመግብ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ግን ፍጉ የገበሬውን ልብ ከማጽናናት አልፎ የሚሠራው ጥቂት ነው። ባለ ሥልጣን ምንጩን ይጠብቅ፤ ባለ ፋብሪካ ዕዳውን ይክፈል፤ ገዳም አፈሩን አስመርምሮ በአንድ መደብ ይጀምር። ለሁሉም ጥበቡንና ትጋቱን እግዚአብሔር ይስጥ።